ሜዳ ያጣ ባለሜዳ
(ስለ አዲስ አበባ ስታዲዮም)

በኳስ ቋንቋ «ባለሜዳ» የሚባለው እንግዳ ተቀባዩ ቡድን ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ኢትዮጵያና ግብፅ ሲገናኙ ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ነበረች። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አንዳንድ ጎል አግብተው 2 ለ 0 አሸነፍን። ደስ ይላል! ታዲያ ጨዋታው የት የተደረገ ይመስላችኋል? ሊሎንግዌ ነው፤ ማላዊ ውስጥ። ባለሜዳው ሜዳ አልነበረውም።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ነገር እንደ ተራ የስፖርት ወሬ ሰምተን ልናልፈው እንችላለን። ነገር ግን ከበስተኋላው የስድሳ አምስት ዓመት ታሪክ አለ፤ ታሪኩም ጥያቄ ያዘለ ነው። ጥያቄው የሚገባን ከመነሻው ስንጀምር ነውና ወደ 1949 ዓ.ም. እንመለስ። (ዘመኑ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

በዚያ ዓመት በየካቲት ወር ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ተመሠረተ። መሥራቾቹ አራት ነበሩ፦ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እዚያው ሲዘጋጅ የደቡብ አፍሪካ ዘረኞች ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አንልክም አሉ። ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ! እንግዲያው አትጫወቱም ተባሉ። ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ልትጋጠም ተመድባ ስለነበር ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜው ግን ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈቻት። ሽንፈቱ ሽንፈት ነው። ይሁን እንጂ ገና ሲወለድ «ደንብ አለን፤ ደንቡን የማያከብር አይገባም» ብሎ የቆመ ማኅበር መሥራች መሆን ቀላል ነገር አይደለም። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ እንመለስባታለን።

አምስት ዓመት ቆይቶ በጥር 1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ መጣ። የተጫወቱት አራት አገሮች ብቻ ናቸው፤ ሜዳውም ያኔ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲዮም ይባል የነበረው፣ በመስቀል አደባባይና በለገሃር መካከል ያለው አንድ ሜዳ ነው። ጥር 6 ቀን ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ረታች። ጥር 10 ቀን፣ በጥምቀት ዋዜማ፣ ግብፅ ዩጋንዳን 2 ለ 1 አሸነፈች። ታቦታቱ ወጥተው ከገቡ በኋላ፣ እሑድ ጥር 13 ቀን፣ አዲስ አበባ ለሁለተኛ በዓል ተሰበሰበች ማለት ይቻላል።

ግብፅ ያን ጊዜ የሁለቱም የቀደሙ ዋንጫዎች ባለቤት ነበረች። አሁንም ቀድማ አገባች። እረፍት ወጥተው ከገቡ በኋላ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ወዲያው፣ ደስታው ሳይበርድ፣ ግብፆች ደገሙ። ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ሁለት ለሁለት አደረገው። በጭማሪው ሰዓት የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። 4 ለ 2! ዋንጫውን ንጉሠ ነገሥቱ ለአምበሉ ሰጡ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ እኚሁ ሰው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ዘረኛይቱ ደቡብ አፍሪካ ወደ ኳስ ሜዳ እንዳትመለስ ሲታገሉ ኖረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አምበሉ ሉቻኖ አሥመራ የተወለደ፣ አባቱ ጣሊያን እናቱ ኤርትራዊት ናቸው። ጣሊያን ከአገር ከወጣ ገና ሃያ ዓመት በሆነው ጊዜ ስታዲዮሙ ሙሉ ሕዝብ ለእሱ እየጮኸ ነበር። ኋላ በደርግ ዘመን ያው ሰው አገር ጥሎ ጣሊያን መሰደዱ ደግሞ የታሪካችን ሌላው ገጽ ነው። ሜዳው የሰበሰበውን ፖለቲካው በተነው።

ስለ ሜዳው ሲነሣ ተመልካቹን መርሳት አይገባም። የስታዲዮሙ መቀመጫዎች ስም ያወጣላቸው ራሱ ሕዝቡ ነው፦ ክቡር ትሪቡን፣ ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ሚስማር ተራ፣ ካታንጋ። ስሞቹን ብቻ አንብባችሁ የኅብረተሰቡን መደብ ማወቅ ትችላላችሁ እኮ! ክቡሩ በክብሩ፣ ጥላ የሚገባው በጥላው ይቀመጣል፤ «ከማን አንሼ» የሚለው ደግሞ ገንዘቡ ሳይበቃው ኩራቱ የበቃው ነው። ካታንጋ የኮንጎ ክፍለ ሀገር ስም ነው፤ ወታደሮቻችን በተባበሩት መንግሥታት ስም ኮንጎ በዘመቱበት ጊዜ የዚያ ጦርነት ወሬ በአገሩ ሁሉ የሚሰማ ነበር። የሚገርመው በጥር 1960 ዓ.ም. ስድስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባና አሥመራ ላይ ሲደረግ ዋንጫውን የወሰደችው፣ ጋናን 1 ለ 0 አሸንፋ፣ ኮንጎ ኪንሻሳ ናት።

ከአብዮቱ በኋላ የንጉሡ ስም ከስታዲዮሙ ወረደ። በ1968 ዓ.ም. ዋንጫው ለሦስተኛ ጊዜ ወደ እኛ መጣ፤ ድሬዳዋም ተካፋይ ሆነች። ኢትዮጵያ ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች። መጋቢት 5 ቀን አዲስ አበባ ላይ ሞሮኮ ከጊኒ አንድ ለአንድ ወጥታ ዋንጫውን ወሰደች። ከዚያ ወዲህ የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲደረግ አልታየም።

እኛ በዚህ ደጋ ያለነውስ? ቦረናም ይሁን ሳይንት፣ ወግዲም ይሁን ለጋምቦ፣ አብዛኛው ሰው ስታዲዮሙን በዓይኑ ሳያይ በጆሮው ያውቀዋል። ሬዲዮ ነው ያሳየው። በ1980 ዓ.ም. የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲደረግ ኢትዮጵያ ዚምባቡዌን በመለያ ምት አሸንፋ ዋንጫ ስታነሣ የደምሴ ዳምጤ ድምፅ በስንት ጎጆ ገብቷል! ካታንጋ የት እንደሆነ የማያውቅ ገበሬ «አገባ!» ሲባል ከመደቡ ይነሣል። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ደግሞ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የተመራው ቡድን ሱዳንን በዚያው ሜዳ 2 ለ 0 አሸንፎ፣ ካርቱም ላይ 5 ለ 3 የተሸነፈውን አካክሶ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈ። ጎሎቹን ያገቡት አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ ናቸው። እንግዲህ ስታዲዮሙ የአዲስ አበባ ሰው ብቻ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። የሁላችንም ነው።

ታዲያ የሁላችን የሆነው ቤት ምን ነካው?

እንግዳ ነገር አልነካውም። አረጀ። ዓለም የኳስ ሜዳን ደረጃ ከፍ ሲያደርግ፣ ለእያንዳንዱ ተመልካች ወንበር፣ ለተጫዋች በቂ መልበሻ ክፍል፣ የሌሊት መብራት፣ ሕክምና ክፍል ሲጠይቅ፣ እኛ «የ1954 ሜዳ ነው» እያልን ቆየን። ብሔራዊ ቡድኑ ወደ ባሕር ዳር፣ ከእኛ ዓባይ ማዶ፣ ተሻገረ። እዚያም በኅዳር 2012 ዓ.ም. አይቮሪ ኮስትን 2 ለ 1 አሸነፈ። ነገር ግን የባሕር ዳሩም ሥራው ያላለቀ ነበርና መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ካሸነፈችን በኋላ ኮንፌዴሬሽኑ አገደው። ከዚያ ኅዳር 2 ቀን ከጋና ጋር «በሜዳችን» አንድ ለአንድ ወጣን። የት? ጆሃንስበርግ፣ ኦርላንዶ ስታዲዮም!

አሁን ያዙልኝ ያልኳችሁን ነጥብ አምጡ። በ1949 ዓ.ም. «ደንቡን ካላከበርሽ አትገቢም» ያልናት ደቡብ አፍሪካ፣ ዘረኝነቱን ሕዝቧ ታግሎ ከጣለው በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. ሜዳ አበደረችን። እኛ ደግሞ ራሳችን በመሠረትነው ማኅበር ደንብ ከገዛ ሜዳችን ወጣን። የዘር መድሎና የወንበር ጉድለት አንድ ነገር ነው አልልም፤ ያ ነውር ነው፣ ይህ ስንፍና ነው። ደንቡ ለድኻ አገር ይከብዳል የሚሉም ሐቅ አላቸው። ነገር ግን ማላዊም ሀብታም አገር አይደለችም! ሜዳዋን ግን በደንቡ መሠረት አቆይታለች።

የእኛ ችግር መሥራት አለመቻል ነው እንዳንል፣ እንሠራለን። በወሎ እንኳ ወልድያ በ2009 ዓ.ም. ዘመናዊ ስታዲዮም ተመርቆላታል። አዲስ አበባ ላይ ስድሳ ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ሌላ ስታዲዮም በ2008 ዓ.ም. ተጀመረ። መጀመር እናውቅበታለን፤ ሪባን መቁረጥም እናውቅበታለን። የሚያቅተን መጠበቅ፣ መጠገን፣ የጀመሩትን መጨረስ ነው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይላል አገሬው።

ታሪክ የምናጠና ተማሪዎች ከዚህ የምንማረው አለ። ታሪክን እንደ ወንበር ልንቀመጥበት አንችልም። «መሥራች ነን»፣ «ዋንጫ በልተናል» ማለት እውነት ነው፤ ነገር ግን መልበሻ ክፍል አይሆንም፣ መብራት አይሆንም። የ1954ቱ ሰዎች የሚያኮሩን የሰጡንን ስንጠብቅ ነው። ነገሩም ከስታዲዮም አያልፍም አትበሉ፤ የቤተ መጻሕፍታችን የተገነጠለ መጽሐፍ፣ የመማሪያ ክፍላችን የተሰበረ ወንበር የዚሁ ታሪክ ታናሽ ወንድሞች ናቸው። ከግቢው ሜዳ ላይ ድንጋይ የሚለቅም ተማሪ፣ የዘመመውን የጎል ቋሚ የሚያቀና ተማሪ፣ ስለ ጥር 13 ከሚፎክረው ይልቅ ለጥር 13 ሰዎች ይቀርባል። ባለሜዳ መሆን ማለት ሜዳውን መያዝ ነው።