የዛገ ብሎን

በ2013 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት ብዙ የአበርገሌ ሰዎችን ወደ ሰቆጣ አፈናቅሎ ነበር። ከተመለሱት መካከል አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ሞተሩን ዝጎ አገኘው። ቴስታታውን ሊፈታ ሲታገል አንደኛው ብሎን አንገቱ ላይ ተቆረጠ፤ ጉማጁም በብረቱ ሆድ ውስጥ ቀረ። እኔ ስደርስ እናቶች የማሽላ ጆንያቸውን ተደግፈው ደጅ ላይ ተቀምጠዋል። ጉማጁ ካልወጣ ዕጣቸው ወደ ድንጋይ ወፍጮ መመለስ ነው።

ብረት ሲዝግ ያብጣል። ዝገቱ በብሎኑና በቀዳዳው ጥርሶች መካከል ገብቶ እንደ ሽብልቅ ይወጥራል። ስለዚህ ጉልበት ይሰብረዋል እንጂ አይፈታውም። መካኒኩ ይህን ያውቃልና ነጭ ጋዝ አፍስሶበት አሳደረው። በማግስቱ መሐሉን ለይቶ በቀጭን መሰርሰሪያ ቦረቦረው። ከዚያም ከአሮጌ ሞረድ ተቀጥቅጦ የተሠራ፣ ጫፉ የቀጠነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት በቀዳዳው ውስጥ መትቶ አስገባና ወደ ግራ ጥቂት፣ ወደ ቀኝ ጥቂት፣ እንደገና ወደ ግራ አዞረው። ጉማጁ ሲጢጥ አለና እጁን ተከትሎ ወጣ።

ያችን ብረት ማን እንደ ሠራለት ጠየቅሁት።

«የመንደሩ ቀጥቃጭ» አለኝ።

ይህ መልስ ብዙ አሳሰበኝ። የመካኒኩን ቃላት ልብ በሉ፤ ብሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ቴስታታ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ከአበርገሌ አጠገብ ባለው በተንቤን ምድር ራስ ካሣና ራስ ሥዩም በ1928 ዓ.ም. የጣሊያንን ጦር ተዋግተዋል። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ድል ሆነ፤ ቃላቱ ግን በየጋራዡ ቀሩ። እኛም ስሙን ከባዕድ ስለ ወረስን ጥበቡንም ከባዕድ ብቻ ያገኘነው ይመስለናል።

ብረትን የሚያውቁ እጆች ግን ከዚያ አስቀድሞ ነበሩን። የገበሬውን ማረሻ፣ የወታደሩን ጦር የሠራው ቀጥቃጭ ነው፤ ምስጋናው ደግሞ «ቡዳ» መባል ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ በፈለጉ ጊዜ በጋፋት አውሮፓውያን ሚስዮናውያንን አሠሩ፤ ሴባስቶፖልም በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ወጣ። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ብረት ሠሪውንና ሸማኔውን በሙያቸው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። ዐዋጁ የስድቡን አናት ቆረጠው፤ ጉማጩ ግን በልባችን ውስጥ ዝጎ ቀረ። እርሱን ለማውጣት እንደ መካኒኩ ማሳደር፣ መሐሉን መለየት፣ ደጋግሞ መሞከር ሳያስፈልግ አይቀርም።

ከቀትር በኋላ ወፍጮው ተነሣ። እናቶች ዱቄት በነካው እጃቸው መካኒኩን መረቁት፤ ባለቤቱንም መረቁት።

ቀጥቃጩን የመረቀ ሰው አልሰማሁም። እኔም ብሆን ስሙን ሳልጠይቅ ነው የተመለስሁት።