የገበታ ጨውና አዮናዊ ትስስር

ወጣችን ውስጥ የምንጨምረው ጨው የተሠራው ከሁለት አደገኛ ነገሮች ነው፡፡ አንደኛው ሶዲየም ነው፤ በቢላ የሚቆረጥ፣ ውሃ ሲነካው የሚፈነዳ ለስላሳ የብረት ዘር፡፡ ሌላው እ.ኤ.አ. በ1915 ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር በተባለው ግንባር ወታደሮችን የፈጀው መርዛማ ጋዝ፣ ክሎሪን ነው፡፡

ሶዲየም 11 ኤሌክትሮኖች ሲኖሩት በመጨረሻው ምህዋር ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው፡፡ 17 ኤሌክትሮኖች ያሉት ክሎሪን ደግሞ ውጫዊ ምህዋሩን 8 ለማድረስ አንድ ይጎድለዋል፡፡ ያቺ አንድ ኤሌክትሮን ስትሻገር ሶዲየሙ ፖዘቲቭ፣ ክሎሪኑ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይይዛሉ፡፡ አዮን የምንላቸው እነዚህን ነው፤ የሚያስተሳስራቸውም የተቃራኒ ቻርጆች መሳሳብ ነው፡፡ ጀርመናዊው ቫልተር ኮሰል ይህንን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1916 አቅርቧል፡፡

ትምህርት ቤት «ሶዲየም መስጠት፣ ክሎሪን መቀበል ይወዳል» እየተባልን ነው ያደግነው፡፡ ለእኔ ይህ ግማሽ እውነት ነው፡፡ ከአንድ ሞል የሶዲየም አቶሞች ኤሌክትሮን ለመንጠቅ 496 ኪሎ ጁል ይጠይቃል፡፡ ክሎሪን ሲቀበል የሚመልሰው ግን 349 ብቻ ነው፤ ሒሳቡ ኪሳራ ነው ማለት ነው፡፡ ትርፉ የሚገኘው አዮኖቹ ተሰባስበው በሥርዓት ሲደረደሩ ነው፤ ያኔ 787 ኪሎ ጁል ገደማ ይለቀቃል፡፡ እንግዲህ ጨውን ጨው የሚያደርገው ልግስና ሳይሆን ድርድሩ ነው፡፡

በዚህ ድርድር ውስጥ እያንዳንዱ ሶዲየም በስድስት ክሎሪኖች፣ እያንዳንዱ ክሎሪንም በስድስት ሶዲየሞች ይከበባል፡፡ «ይኼኛው የዚያኛው ጥንድ ነው» ማለት ስለማይቻል የጨው ሞለኪውል የሚባል ነገር በቅንጣቱ ውስጥ የለም፡፡ ብራጎች፣ አባትና ልጅ፣ ይህንን በኤክስሬይ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1913 ነበር፡፡ አንጋፋው ኬሚስት ሄንሪ አርምስትሮንግ ግን እስከ 1927 ድረስ አልተዋጠላቸውም፤ ኔቸር መጽሔት ላይ በቁጣ ተቃውመዋል፡፡

ጨው ለመቅለጥ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈልገው በዚሁ ትስስር ጥንካሬ ነው፡፡ ሲመታ የሚሰነጠቀውም ረድፎቹ ሲንሸራተቱ ተመሳሳይ ቻርጆች ፊት ለፊት ተገናኝተው ስለሚገፋፉ ነው፡፡

እንቅርትን ለመከላከል ጨው ውስጥ የሚጨመረው አዮዲንስ? በአገራችን የገበታ ጨው በአዮዲን እንዲበለፅግ የሚያዝዝ ደንብ በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል፡፡ ለዚህ ሥራ በብዛት የሚመረጠው ፖታሲየም አዮዴት ራሱ አዮናዊ ውህድ ሲሆን፣ በእርጥበት ከአዮዳይድ የተሻለ ይጸናል፡፡ ሆኖም ከጨው ቅንጣቶች ጋር ይደባለቃል እንጂ በድርድራቸው ውስጥ አይታሰርም፤ በውሃም ይሟሟል፡፡ ስለዚህ ጨው አጥቦ የሚጠቀም ሰው አዮዲኑን ከእጣቢው ጋር ይደፋዋል፡፡ ጨዉ ረጥቦ ውሃ ካንጠባጠበም አብሮ ይወርዳል፡፡ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ፣ ከፀሐይና ከምድጃ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃል፡፡