ምንቃረ ቢጫ

በመካከለኛው ዘመን ፓሪስ ለዩኒቨርሲቲው እንግዳ የሆነ ተማሪ መጠሪያው «ቤዦን» ነበር። ቃሉ «ቤክ» (ምንቃር) እና «ዦን» (ቢጫ) ከሚሉት የፈረንሳይኛ ቃላት የተጋጠመ ሲሆን ላባው ያልጠና ጫጩት ማለት ነው። ነባሮቹ ይህን ጫጩት የግብዣ ገንዘብ ያስከፍሉት ስለነበር ዩኒቨርሲቲው ገና በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደንብ አውጥቶ ሊገታቸው ሞክሯል። ስኮትላንድ ውስጥ በሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ዛሬም «ቤጃንት» ይባላል።

ቃሉ ወደ ጀርመን አገር ሲሻገር «ቤያኑስ» ሆነ፤ ጫጩቱም ወደ አውሬ ተለወጠ። ለአዲስ ገቢው ቀንድ ያለው ቆብ ያጠልቁለትና ቀንዱን በመጋዝ ይቆርጡለት ነበር፤ የከርከሮ ክራንቻ አፉ ውስጥ ከትተው በጉጠት ይነቅሉለት ነበር። ሥርዓቱ በላቲን «ዴፖዚሲዮ» ይባል ነበር፤ ማውለቅ እንደማለት ነው። ሰው ለመሆን መጀመሪያ አውሬነቱን ማመን ነበረበት። የደች ተማሪዎች ይህን መሰል አቀባበል «ኦንትግሩኒንግ» ይሉታል፤ ጥሬነትን መግፈፍ ነው። በስዊድን ደግሞ አዲሱ ተማሪ «ኖላ» ነው፤ ዜሮ! የእኛ ግቢ ተማሪዎች ከእንግሊዝኛ የወሰዱት «ፍሬሽ» ከእነዚህ ሁሉ ይሻላል፤ አዲስ ከማለት አያልፍም።

አሜሪካውያን ዛሬ ይህን መሰሉን አቀባበል የሚጠሩበት «ሄዚንግ» ግን የመጣው ከመርከብ ነው። ሪቻርድ ሄንሪ ዳና በ1834 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሃርቫርድ ትምህርቱን አቋርጦ ተራ መርከበኛ ሆኖ ተቀጠረ። በ1840 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በመርከብ ላይ «ሄዝ» ማድረግ ሰውን በከባድ ሥራ መቅጣት መሆኑን ለአንባቢ አስረዳ። የቃሉን ሥር ማስቆጣት የሚል ፍቺ ካለው የጥንት ፈረንሳይኛ «ሃዜ» ጋር የሚያያይዙ አሉ። በዚያው መቶ ዓመት አጋማሽ ቃሉ ኮሌጆች ውስጥ ይነገር ጀመር። እኔን የሚከነክነኝ ይህ ጉዞ ነው። መርከበኛው ቅጣቱን ቅጣት ይለዋል፤ ተማሪው ግን ያንኑ ቃል ወስዶ ወግ፣ ወንድማማችነት፣ ጨዋታ አደረገው። በዚህ «ጨዋታ» መጠጥ በላይ በላዩ እየተጋቱ የሞቱ ልጆች አሉ።

ሕግ የዚህን ቃል ሽፋን ለመግፈፍ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። ፈረንሳይ በ1998 «ቢዙታዥ»ን (የፈረንሳዮቹን ሄዚንግ) በወንጀልነት ስትደነግግ፣ ተዋራጁ ወዶም ሆነ ሳይወድ ቢፈጽመው ወንጀልነቱ እንደማይቀር ጻፈች። በአሜሪካ በታኅሣሥ 2024 የተፈረመው የፌዴራል ሕግም የተጎጂውን ፈቃደኝነት ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ትክክለኛው ቦታ የተነካው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ «ራሱ ፈልጎ ነው» የሚለው መልስ ስንቱን አዋራጅ ከተጠያቂነት አድኗል! በዚሁ ሕግ መሠረት ኮሌጆች ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘውን የተማሪዎች ማኅበር ስምና የፈጸመውን ድርጊት ለሕዝብ ያሳውቃሉ፤ የተማሪዎቹን ማንነት የሚገልጥ መረጃ ግን አያወጡም።