ነጂ የሌለው አይሮፕላንና የጋራው ሰማይ

የሰው ልጅ ክንፍ ሠርቶ ወደ ሰማይ ከወጣበት ዘመን አንሥቶ፣ አንዱ አይሮፕላን ከሌላው ጋር እንዳይጋጭ የተደነገገው ሥርዐት የተመሠረተው፣ በእያንዳንዱ አይሮፕላን ውስጥ የሚያይ ዐይንና የሚፈርድ ኅሊና ያለው አብራሪ አለ በሚል እምነት ላይ ነው። ስለዚህም ኢትዮጵያን ጨምሮ የብዙ መንግሥታት መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1944 ዓ.ም. በቺካጎ ተሰብስበው የሲቪል አቪዬሽንን ስምምነት ባጸደቁ ጊዜ፣ በ8ኛው አንቀጽ፣ ያለ አብራሪ የሚበር አይሮፕላን የሌላውን መንግሥት ሰማይ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳያቋርጥ፣ ቢፈቀድለትም ለሲቪል አይሮፕላኖች አደጋ እንዳይሆን ቁጥጥር እንዲደረግበት መደንገጋቸው፣ ስለ መጪው ትውልድ ምን ያህል እንዳሰቡ ይመሰክራል።

የአብራሪ ዐይን ብቻውን አለመብቃቱ ግን ብዙ ሳይቆይ በመራራ ሐዘን ተገለጠ። እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1956 ዓ.ም. ሁለት የመንገደኛ አይሮፕላኖች በአሜሪካ ግራንድ ካንየን ሰማይ ላይ ተጋጭተው 128 ነፍሳት ስላለፉ፣ የአገሪቱ ምክር ቤት ከሁለት ዓመት በኋላ የሰማዩን ጥበቃ ለአንድ የፌዴራል ባለሥልጣን የሚሰጥ ሕግ አወጣ።

ግማሽ ምእት ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ ሌላ ተግሣጽ መጣ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2006 ዓ.ም. የአሜሪካን ድንበር ይጠብቅ የነበረ ፕሪዴተር ቢ የተባለ ታላቅ ሰው አልባ አይሮፕላን በአሪዞና፣ በኖጋሌስ አጠገብ ወደቀ። በምድር ተቀምጦ የሚነዳው አብራሪ የመቆጣጠሪያ ገበታው አልታዘዝ ስላለው ወደ ሁለተኛው ገበታ ቢዛወር፣ በዚያ ገበታ ካሜራውን ያዝዝ የነበረው መዘውር፣ አይሮፕላኑን ሲረከብ የነዳጁ ማዘዣ ሆነ፤ አስቀድሞም በተገቢው ቦታ አልተስተካከለም ነበርና ነዳጁ ተቋርጦ ሞተሩ ጠፋ። በምድር ላይ የተጎዳ ሰው ባይኖርም፣ መርማሪዎቹ ዋናው ምክንያት አብራሪው በጽሑፍ የተሠራለትን ቅደም ተከተል አለመከተሉ ነው ብለው ፈረዱ። በአይሮፕላኑ ውስጥ ሰው ባይቀመጥም፣ ስሕተቱም ኀላፊነቱም የሰው ሆኖ መቅረቱ በዚህ ታወቀ።

ኀላፊነቱ የሰው ቢሆንም፣ በአይሮፕላኑ ውስጥ ሆኖ የሚያይ ዐይን የለምና፣ የሊቃውንቱ ድካም ለጎደለው ዐይን ምትክ ወደ መፈለግ ዞረ። ቀድሞ እንዲህ ያለ ታላቅ አይሮፕላን በሕዝብ ሰማይ ሲበር አብራሪ ያለበት ሌላ አይሮፕላን አጃቢ ሆኖ ይከተለው ነበር፤ እ.ኤ.አ. ጁን 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ግን የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት የናሳ ንብረት የሆነው ኢካና የተባለ ሰው አልባ አይሮፕላን፣ በራሱ ራዳርና የሌሎችን አይሮፕላኖች ምልክት በሚቀበሉ መሣሪያዎች እየተመራ፣ በካሊፎርኒያ የመንገደኛ አይሮፕላኖች በሚመላለሱበት ሰማይ ያለ አጃቢ በረረ።

ከ1944 እስከ 2018 የተቈጠሩት 74 ዓመታት ለሚቸኵል ነጋዴ የከንቱ መዘግየት ዘመን ይመስሉት ይሆናል፤ ነገር ግን በመንገደኛ አይሮፕላን ተሳፍራ ወደ ልጆቿ የምትመለሰው እናት ደኅንነቷን ያገኘችው ከዚሁ ትዕግሥት ነውና፣ አዲሱ መሣሪያ ማየትና መንገድ መልቀቅ መቻሉን በሥራ እስኪያስመሰክር ድረስ፣ የጋራው ሰማይ በር በፈተና እንጂ በችኰላ ሊከፈትለት አይገባም።