የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ መርሕ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ መዞር (1969–1971 ዓ.ም.)

በዓፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት፣ በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር በታሰረው ውል መሠረት የጦር መሣሪያዋን ከዋሽንግተን ስትቀበል፣ በአስመራም የቃኘውን የመገናኛ ጣቢያ ለአሜሪካኖች ፈቅዳ የኖረችው ኢትዮጵያ፣ በደርግ ዘመን ፊቷን ወደ ሞስኮ የመለሰችበት ክሥተት ነው። የካርተር መንግሥት ስለ ሰብአዊ መብት መጣስ ወታደራዊ ርዳታውን በቀነሰ ጊዜ፣ የደርጉ መሪ ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. በአብዮት አደባባይ፣ የአብዮቱ ጠላቶች ደም ምሳሌ የሆነ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች በሕዝብ ፊት ከሰከሱ፤ በዚያው ወር ቃኘው እንዲዘጋ ታዘዘ። ዝንባሌውን የማይመለስ ያደረገው ግን፣ ከርዕዮተ ዓለም ይልቅ፣ ሶማሊያ በኢትዮጵያ ላይ ያካሄደችው ወረራ ነው፤ ትናንት ሞቃዲሾን ያስታጠቀችው ሶቪየት ኅብረት መሣሪያዋን ወደ አዲስ አበባ አዞረች፣ የኩባ ወታደሮችም በኦጋዴን ተሰለፉ። የወዳጅነቱ ቃል ኪዳን በኅዳር 1971 ዓ.ም. በሞስኮ ተፈረመ፤ የዚያ ወዳጅነት ምልክት ሆኖ በአዲስ አበባ የቆመው የሌኒን ሐውልት በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደቀ።