የፎገራን ወፎች ለማየት የትኛው ወቅት ይመረጣል?

በደቡብ ጎንደር ዞን ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የሚገኘው የፎገራ ሜዳ አጥርም የመግቢያ በርም ያለው ፓርክ አይደለም፡፡ ይሁን እንጂ በአገራችን የውኃ ወፎች በብዛት ከሚታዩባቸው ሥፍራዎች አንዱ ነው፡፡ የጣና ሐይቅና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል፡፡ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት 55 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ የሚገኘው የወረታ ከተማ የሜዳው መግቢያ ነው፡፡

ከሰኔ እስከ መስከረም

ይህ ወቅት ለጉብኝት አይመረጥም፡፡ የርብና የጉማራ ወንዞች ከአፋቸው አልፈው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ የዋልካው ጭቃም መኪና አያስገባም፡፡ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ የደረሰው ጎርፍ በርካታ ነዋሪዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል፡፡ ባለወርቃማ ጉትዬዎቹ ጥቁር ክሬኖች ጎጇቸውን የሚሠሩትና የሚፈለፍሉትም በዝናቡ ወራት በመሆኑ፣ በዚህ ጊዜ ባይረበሹ ይመረጣል፡፡

ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ

ተመራጩ ወቅት ይህ ነው፡፡ ጎርፉ ሸሽቶ በየረባዳው ጥልቀት የሌለው ውኃ ይቀራል፡፡ ከሩሲያና ከሰሜን አውሮፓ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡት ግራጫ ክሬኖች ከዳክዬው፣ ከዝይውና ከሽመላው ጋር በመንጋ ይታያሉ፡፡ ሌሊቱን በውኃ ውስጥ ቆመው ያድሩና ጎህ ሲቀድ የወደቀ እህል ለመልቀም ወደ ታጨደ ማሳ ይበርራሉ፤ ወደ ማደሪያቸው የሚመለሱት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፡፡ ስለዚህ ጎብኚው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በሥፍራው መድረስ አለበት፡፡ የቀትሩን ጊዜ በጉማራ ወንዝ አጠገብ ባለው የወንዛዬ ፍል ውኃ ማሳለፍ ይቻላል፡፡ ጎንደርን ለማየት ያሰበ ደግሞ ለጥምቀት ሰሞን አልጋ ቀደም ብሎ መያዝ ይኖርበታል፡፡

ከየካቲት እስከ ግንቦት

እንግዶቹ ክሬኖች በየካቲትና በመጋቢት ወደ መጡበት ይመለሳሉ፡፡ የሚቀሩት ወፎች ባልደረቁት ኩሬዎች ዙሪያ ስለሚሰበሰቡ በቅርብ ለማየት ይመቻሉ፤ ቁጥራቸው ግን ይቀንሳል፡፡

የሚያጥረው ወቅት

የጉብኝቱን ጊዜ የሚወስነው የቀን መቁጠሪያ ሳይሆን ውኃው ነው፡፡ በርብ ሙላት ውኃ የሚያገኙት እንደ ሸሸርና ወላላ ያሉ ረግረጋማ ቦታዎች እየጠበቡ መጥተዋል፡፡ ውኃው በሞተር እየተሳበ ለሽንኩርትና ለቲማቲም ይውላል፤ ግጦሽ የነበረው መሬትም ለሩዝና ለሌላ ሰብል ይታረሳል፡፡ ሩዝና ሽንኩርት የፎገራን ገበሬ ኑሮ ስለለወጡ ተው ሊባል አይችልም፡፡ ነገር ግን ማደሪያ ውኃው ቀድሞ በደረቀ ቁጥር ወፎቹ ቀድመው ይሄዳሉ፡፡ ጎብኚው የመንደሩን ወጣት በመንገድ መሪነት ቀጥሮ ተገቢውን ዋጋ ቢከፍል፣ ውኃው ሳይታረስም ገቢ እንደሚያስገኝ ለነዋሪው ያሳያል፡፡

ከጉዞ በፊት

አካባቢው ወባማ ነው፤ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር አጎበር አይርሱ፡፡ አቅራቢያ መነጽርና የጭቃ ቦቲ ጫማ ያስፈልጋሉ፡፡ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልሉ የተባባሰው ግጭት ጉዞን አስቸጋሪ ስላደረገው፣ ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ወረታ ካሉ ሰዎች ያጣሩ፡፡