የፓተርሰኑ ሜዳ

ከኒው ዮርክ ወጣ ብሎ፣ በኒው ጀርሲ ክፍለ ግዛት፣ የፓሴይክ ወንዝ በፏፏቴ በሚወርድበት ቦታ ፓተርሰን የተባለች የፋብሪካ ከተማ አለች። ዝናዋ በሐር ነበር። በ1913 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወደ 25,000 የሚሆኑ የሐር ወዛደሮች የሥራው ሰዓት በቀን 8 እንዲሆን፣ በአንድ ሸማኔም ላይ አራት የሽመና መኪና እንዳይጫን ጠይቀው ሥራ አቆሙ። ፖሊስ የከተማይቱን አዳራሾች ዘጋባቸው። እነርሱም እሑድ እሑድ ሄልደን ወደተባለችው ጎረቤት ከተማ እየሄዱ ከአንድ ሐር ሠሪ ቤት ሰገነት ሥር ይሰበሰቡ ጀመር። አምስት ወር ያህል ታግለው ረሃብ አሸነፋቸው።

ይህን ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አይደለም። ሠራተኛው በገዛ ከተማው የሚቆምበት ቦታ ባጣ በ19ኛው ዓመት፣ በ1932፣ ማዘጋጃ ቤቱ ከፏፏቴው አጠገብ 10,000 ያህል ሰው የሚይዝ ስታዲየም ከፈተ። ዘመኑ ፋብሪካው የተዘጋበት፣ ሥራ አጡ የበዛበት ነበር። ስሙ የከንቲባው የሂንችሊፍ ሆነ፤ ገንዘቡ ግን የሕዝቡ ነው።

ቤዝቦልን ለማያውቅ፦ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፤ መትቶም ማዕዘኖቹን በሩጫ ዞሮ ከተነሣበት ከተመለሰ ነጥብ ይቆጠርለታል። በዱላው የኛን ገና ይመስላል፤ የገና ኳስ ግን የሚበዛው በምድር ነው።

አሜሪካኖች የብሔር ጨዋታችን የሚሉትን ይህን ጨዋታ፣ ከ1880ዎቹ መጨረሻ እስከ 1947 ድረስ በትልልቆቹ ሊጎች ጥቁር አልተጫወተውም። የተጻፈ ሕግ አልነበረም፤ ባለቡድኖቹ ከበርቴዎች እርስ በርሳቸው ተስማምተው ነው። እንዲህ ያለውን ሕግ የት ሄደው ይከሱታል? ጥቁሮቹ የራሳቸውን ሊግ አቋቋሙ። ሜዳ ግን አብዛኞቹ አልነበራቸውም፤ የነጮቹ ቡድን ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ጠብቀው ይከራዩ ነበር። የፓተርሰን ሜዳ ዋጋው እዚህ ላይ ነው። ከ1933 ጀምሮ የኒው ዮርክ ብላክ ያንኪስ ቡድን ለብዙ ዓመታት ቤቱ አደረገው። ታላቁ መቺ ጆሽ ጊብሰንም በዚያ ተጫውቷል።

ላሪ ዶቢ ከሳውዝ ካሮላይና መጥቶ በፓተርሰን የተማረ ልጅ ነው። ለትምህርት ቤቱ የተጫወተው በዚያው ሜዳ ነበር፤ በ1942 የኒውአርክ ኢግልስ ቡድን የፈተነውም እዚያው ነው። ሐምሌ 5 ቀን 1947 ክሊቭላንድ ሲያሰልፈው፣ ከጃኪ ሮቢንሰን ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ልዩነት፣ በአሜሪካን ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። ከቡድን ጓደኞቹ አንዳንዶቹ ግን በዚያ ቀን እጃቸውን ነፈጉት። በ1948 ለዋንጫ ሲጫወቱ የዶቢ ምት ጨዋታውን አሸነፈች፤ ከጨዋታው በኋላ ነጩ ወርዋሪ ስቲቭ ግሮሜክ ጉንጩን ከዶቢ ጉንጭ አጣብቆ ሲያቅፈው የተነሣው ፎቶግራፍ አገር ምድሩን አዳረሰ። ያም የሆነው በማዘጋጃ ቤት ስታዲየም ነው፤ የክሊቭላንዱ ግን በ1996 ፈረሰ።

የፓተርሰኑም በ1963 ለከተማው ትምህርት ቤቶች ተላልፎ፣ በ1997 ተዘጋ። ደረጃው ተሰነጣጠቀ፣ ዛፍ በቀለበት። የከተማው ሰዎች ማኅበር አቋቁመው እንዳይፈርስ ዓመታት ተከራከሩ፤ በ2013 ብሔራዊ ታሪካዊ ቦታ ተባለ፤ በ2023 ታድሶ ተከፈተ። ዶቢ በ2003 ስለሞተ ይህን አላየም። ከሜዳው ጎን ለአረጋውያን መኖሪያ ተሠርቷል፤ ተማሪዎችም ተመልሰው ይጫወቱበታል።